ለውሻ ኮት መስፋት ቅንጦት አይደለም፦ ለድሬዳዋው ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

አንድ የድሬዳዋ ጸሐፊ ሰሞኑን ሐረር ላይ ለውሻ ልብስ የሚሰፉ ሰዎችን የሚተች ረዘም ያለ ጽሑፍ አውጥተዋል። ከሰፊዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። ስለዚህ መልስ መስጠት ይገባኛል።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሀገራችን ሞቃት ነው፤ ውሻም ፀጉር አለው። ልጆች በብርድ እየተንቀጠቀጡ ለውሻ ጨርቅ መቁረጥ ነውር ነው። ነገሩ ከፈረንጅ የተቀዳ ፋሽን ነው። ልብሱ ራሱ ውሻውን ይጎዳዋል። እንደ ሐረር ባለ ከተማ ደግሞ ሃይማኖትን ይነካል። በመጨረሻም ድካሙና ገንዘቡ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቢውል ይሻል ነበር። ጸሐፊው የልባቸውን ነው የጻፉት። እኔም የልቤን እመልሳለሁ። አንዳንዱ ላይ እውነት አላቸው፤ እዚያ ስደርስ አልደብቅም።

መጀመሪያ ግን የምንሰራውን በትክክል እናስቀምጥ። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ሐረር መንገድ ላይ ኮት የለበሰ ውሻ የሚንጎራደድ ሊመስለው ይችላል። እንደዚያ አይደለም። እኛ ጥቂት ጎረቤታሞች ነን። መኪና የገጨውን፣ እከክ የጨረሰውን፣ ቆሻሻ ላይ የተጣለውን ቡችላ ከጀጎል ውጭ ባለ አንድ ግቢ እናስጠጋለን። ሐኪም ያየዋል፣ ይከተባል፣ ሲያገግም የሚወስደው ሰው እንፈልግለታለን። በብርዱ ወራት ከነዚህ ለጥቂቶቹ ማታ ማታ ኮት እናለብሳለን። ኮት ያልኩት ከአንድ ቁራጭ ፍሊስ የሚወጣ ነገር ነው። ፍሊስ ያ የሰልባጅ ጃኬትና ስስ ብርድ ልብስ የሚሰራበት፣ ለስለስ ያለ ባለ ፀጉር ጨርቅ ነው። ጀርባ ይሸፍናል፣ ደረት ላይ ይገጥማል፣ ሆድ ስር በሰፊ መቀነት ይያዛል። በቃ። ኪስ የለው፣ ኮፍያ የለው፣ ጌጥ የለው።

«ሀገሩ ሞቃት ነው፣ ውሻም ፀጉር አለው»

የትኛው ሀገር? ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ግን ከድሬ በቲሸርት የተሳፈረ ሰው የደንገጎን ዳገት ሲወጣ መስኮት ያስዘጋል። ይህን ጸሐፊው ራሳቸው ያውቁታል፤ ሐረር ሲመጡ ጃኬት ይዘው እንደሚመጡ አልጠራጠርም።

ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ሰማያችን ጥርት ይላል። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማታ ግን ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ቶሎ ይለቀዋል። በሐረማያ በኩል ውርጭ ጫት የሚመታበት ጊዜ አለ፤ ገበሬውን ጠይቁት። ድሬ ላይ በአንሶላ በሚታደርበት ሌሊት እኛ ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ እንደርባለን።

ስለ ድሬ ያሉት ግን ልክ ነው። ድሬዳዋ ላለ ውሻ ኮት አያስፈልገውም። እንዲያውም አደጋ ነው። ውሻ እንደኛ አልቦት ገላውን አያቀዘቅዝም፤ ዋናው መላው ማለክለክ ነው። ድሬ ገበያው ቀፊራ አካባቢ በቀትር ኮት የለበሰ ውሻ ባይ ሮጬ ሄጄ ነው የማወልቅለት። የድሬ ውሻ የሚያስፈልገው ጥላና ውሃ ነው። ሐረርም ቢሆን ኮቱ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይወልቃል። ውሻው ማለክለክ ከጀመረ ወይም ከተኛበት ተነስቶ ቀዝቃዛ ቦታ ከፈለገ ሞቆታል ማለት ነው። እጅን ከኮቱ ስር አስገብቶ ማየት ነው።

«ፀጉር አለው» ለሚለውም ያው ነው መልሴ፤ ያለው አለው። የጠገበ፣ ጤነኛ፣ ጎልማሳ የሐበሻ ውሻ የሐረርን ሌሊት ይችለዋል። ጥቅልል ብሎ አፍንጫውን ጅራቱ ስር ከትቶ ያድራል። ለእሱ አንሰፋም። የምንሰፋው ያ ፀጉር ለሌለው ነው።

ቡቺን ላሳያችሁ። ስትመጣ ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ ድረስ ፀጉር አልነበራትም። እከክ በልቷታል። ቆዳዋ ወፍሮና ተሸብሽቦ አመድማ ሆኗል። ክርኗ ተሰነጣጥቆ ውሃ ያዣል። ጎህ ሲቀድ ግቢው ስገባ ሲሚንቶው ላይ ቆማ አገኘኋት። ከስሯ የተነጠፈላትን ጆንያ ትታዋለች፤ መተኛት አልሆነላትም። አንዱን እግሯን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላውን ታነሳለች። የጎድን አጥንቷ ሲንቀጠቀጥ ከበሩ ሆኜ ይታየኛል። ምግብ አቀረብኩላት፤ እየተንቀጠቀጠች በላች። አንጀት ይበላል።

እከክ በመድኃኒት ይድናል። ፀጉሩ እስኪመለስ ግን ሳምንታት ያልፋሉ። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ከእኛ ይበልጣል። ራቁት ገላ ይህን ሙቀት ይዞ እንዲያነጋ የበላው ሁሉ ለማሞቂያ ይሄዳል። ቆዳውን የሚያድስበት፣ ስጋ የሚሰራበት አይተርፈውም። ኮቱ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ለጥቂት ሳምንት የጠፋውን ፀጉር ይተካል፤ ፀጉሩ ሲመጣ ኮቱ ይሄዳል።

ሌሎችም አሉ። እንዳይወልዱ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሴት ውሾች ሆዳቸው ተላጭቶ ነው የሚመለሱት፤ ማደንዘዣው ራሱ የሰውነትን ሙቀት ያወርዳል። ያረጁና አጥንታቸው የወጣ አሉ። ከእናታቸው የተለዩ፣ ጡት የጣሉ ቡችሎችም አሉ። ገና ለተወለደ ቡችላ ግን ኮት አናለብስም። እሱ የሚያስፈልገው እናቱና ሞቅ ያለ መኝታ ነው። እናቲቱ ስትልሰው ጨርቁ አንገቱ ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

«ልጆች እየበረዳቸው ለውሻ ጨርቅ?»

ይህ ነጥብ ከሁሉም ይበልጥ ልቤን ነክቶኛል። የቀለደ ሰው የሚጽፈው ነገር አይደለም። ሐረር ውስጥ ማለዳ በስስ ሹራብ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ። ማንም እናት ይህን አይታ ዝም አትልም።

ግን ጨርቁ ከየት እንደሚመጣ ጸሐፊው አልጠየቁም። የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ ነጋዴው ይለያል። ደህናው ይሰቀላል። መካከለኛው መሬት ላይ ተዘርግቶ በርካሽ ይሸጣል። ከዚያ የተረፈ አለ። ዚፑ የተገነጠለ፣ ፊቱ በካውያ የቀለጠ፣ ብብቱ የተተረተረ ጃኬት። ይህን ማንም ልጁን አያለብሰውም። ነጋዴው ወይ ለመወልወያ ይሰጠዋል ወይ ይጥለዋል። እኛ ሸዋ በር አካባቢ እየዞርን የምንለምነው ይህንን ነው። ከተበላሸ የአዋቂ ጃኬት ውስጥ ጀርባው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ከዚያ ጀርባ ለአንድ መካከለኛ ውሻ ኮት ይወጣል። ከሁለቱ እጅጌዎች ደግሞ የሁለት ቡችላ ልብስ ይወጣል።

ሌላው ምንጫችን መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ ስትወርዱ ግራና ቀኝ የስፌት መኪና የሚያንጫርሩት ልብስ ሰፊዎች እግር ስር ሁልጊዜ ቁራጭ ጨርቅ አለ። ከመካከላቸው የፍሊስ ቁራጭ ሲያገኙ በጆንያ የሚያጠራቅሙልን አሉ። ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ለልጅ ሹራብ አይሆንም። ለሆድ መቀነት ግን ይሆናል።

በመዋጮ የመጣልን ደህና ነገር ሲኖር ለሰው ነው የሚሄደው። ሙሉ ብርድ ልብስ ቆርጠን አናውቅም። ያልተበላሸ ጃኬት ላይ መቀስ ማሳረፍ አይፈቀድም፤ ይህ ከመጀመሪያው የተስማማንበት ደንብ ነው። ከእኛ ጋር የምትሰፋ አንዲት ሴት ሰኔ ላይ የሰፈር ልጆችን የትምህርት ቤት ሹራብ ክርን በነጻ ትለጥፋለች። በዚያው መኪና፣ በዚያው ክር። ለውሻ መስፋቷ ልጆቹን አላስረሳትም። ጸሐፊው ለልጆች ልብስ የሚሰበሰብበት ነገር ካላቸው ይንገሩን፤ መኪናችን ስራ ፈትቶ የሚቆምበት ወር ብዙ ነው።

«የፈረንጅ ፋሽን ነው»

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ብርድ የመታውን ጥጃ ጆንያ የሚደርብለት ገበሬ ፈረንጅ አላስተማረውም። አህያው ጀርባው እንዳይላጥ ከኮርቻው ስር ጨርቅ የሚያነጥፍም እንዲሁ። ፈረስን በግላስ ማልበስ ደግሞ አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። ጨርቁ ራሱ ከውጭ መጣ ካሉ፣ አዎ መጣ። ፍሊስ በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ማልደን ሚልስ የተባለ ፋብሪካ ሱፍን እንዲተካ አስቦ ያወጣው የፖሊስተር ጨርቅ ነው። ዛሬ ግን ከሐረር ሕዝብ ስንቱ ነው ጠዋት ጠዋት እሱን ለብሶ የሚወጣው?

«ልብሱ ራሱ ውሻውን ይጎዳዋል»

ይህኛው ነጥብ ስራችንን ስለሚመለከት ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ጸሐፊው አራት አደጋ ጠቅሰዋል። ይረጥብና ያበርደዋል፤ ስፌቱ ተተርትሮ ይጠመጠምበታል፤ ቁልፉን በጥሶ ይውጠዋል፤ አጥር ላይ ተይዞ ወይ ይታነቃል ወይ የጅብ እራት ይሆናል። ልብሱ በዘፈቀደ ከተሰፋ አራቱም ይደርሳሉ። ለዚህም ነው በዘፈቀደ የማይሰፋው።

በእርጥበቱ እንጀምር። ጋቢ ወይም ሌላ የጥጥ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበሩ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይለጠፋል። የፍሊስ ክር ግን ውሃ ወደ ውስጡ የሚያስገባው በጣም ትንሽ ነው። ጨምቀው ሲያራግፉት አብዛኛው ይወጣል፣ ቀሪው በሐረር ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል። ሙቀት የሚይዘው በፀጉሩ መሀል ባለው አየር ነው። ድክመትም አለበት። ነፋስ ያሳልፋል፤ የዝናብ ልብስም አይደለም። ስለዚህ ከጣሪያ ስር ለሚያድር ውሻ ነው የሚሆነው። ሌላ ትልቅ ጥንቃቄ አለ፤ ፖሊስተር እሳት ሲነካው ይቀልጣል፣ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ኮት የለበሰ ውሻ ከሰል ምድጃ አጠገብ አይተኛም። ኮቱም በጋለ ካውያ አይተኮስም።

ስፌቱን በተመለከተ፣ ፍሊስን የመረጥነው ስለማይተረተር ነው። እንደ ሸማ የተሸመነ አይደለም፤ እንደ ሹራብ የተጠላለፈ ነው። በስለታም መቀስ ከተቆረጠ ጠርዙ እዚያው ያልቃል። መዘምዘም አያስፈልገውም፣ ኦቨርሎክ የሚባለው የጠርዝ መስፊያ መኪናም አያስፈልገውም። ጠርዙ ስላልታጠፈ ብብት ስር የሚፈትግ ወፍራም ስፌት አይኖርም። ለታመመ ቆዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መኪናውም ልዩ መሆን የለበትም። በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ወይም በተርፍላይ ይበቃል። ስፌቱን ረዘም ማድረግ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። አጭር ስፌት ፍሊስን ያሸበሽበዋል። ዚግዛግ የሚሰራ መኪና ያለው በዚግዛግ ይስፋ፤ የሌለው ጨርቁን በእጁ ለስለስ አድርጎ እየሳበ ቀጥታ ይስፋ። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር ውሻው ሲንጠራራ ይበጠሳል። መርፌው አዲስ ይሁን፤ ጫፉ ድብልብል ያለው ከተገኘ ደግሞ እሰየው፤ የጨርቁን ክር አይበሳም፣ በመሀሉ ነው የሚያልፈው።

ሳይቆረጥ በፊት ጨርቁን በሁለቱም በኩል መሳብ ይገባል። ፍሊስ በአንዱ በኩል ይበልጥ ይለጠጣል። ያ የሚለጠጠው በኩል በውሻው ዙሪያ እንጂ በርዝመቱ መዋል የለበትም። በርዝመቱ ከዋለ ኮቱ እየተሳበ ወደ ኋላ እግሩ ይወርዳል፣ ውሻውንም ያደናቅፈዋል። ጸሐፊው «ተጠምጥሞበት ሲወድቅ አይቻለሁ» ያሉት ኮት እንዲህ የተቆረጠ ይመስለኛል።

ልኩ ሦስት ነው። የአንገት ማሰሪያ ከሚያርፍበት እስከ ጅራት መነሻ፤ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱ በሚሰፋበት ዙሪያውን፤ የአንገቱ ዙሪያ። ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ቢመጣ ኮቱን 45 እናደርገዋለን፤ ጅራቱ ጋ እንዳይቆሽሽ። ደረቱ ዙሪያ 65 ቢሆን ጀርባና ጎኑን የሚሸፍነው 45 ያህል ይሆናል። የሆድ መቀነቱ የቀረውን 20 ይሞላል፤ ላዩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ለመደራረቢያ ይጨመርለታል። መቀነቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር አይጥበብ፤ የጠበበ ነገር ገላ ይቆርጣል። ከታሰረ በኋላ ሁለት ጣት ሳይጨናነቅ መግባት አለበት። ለወንድ ውሻ መቀነቱ ወደ ደረቱ ይጠጋል፤ አለዚያ ሲሸና ያበሰብሰዋል። ሆዷ ለተሰፋላት ሴት ውሻም እንዲሁ ወደ ፊት ይጠጋል፤ ቁስሉን መንካት የለበትም።

የቡችላው ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው። የጃኬቱ እጅጌ ይቆረጣል። የእጅ አንጓ ጋ የሚያርፈው ጠባብ ጫፍ አንገት ይሆናል። ላስቲኩ ከጠበቀ ይወጣል። ከታች በኩል ለሁለቱ የፊት እግሮች ሁለት ቀዳዳ ይበሳል፤ ሆዱ ጋ ጎደል ተደርጎ ይቆረጣል። መርፌ እንኳ አይነካውም።

ቁልፍ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ የሚንጠለጠል ክር ወይም ገመድ ውሻ ልብስ ላይ ቦታ የለውም። የተዋጠ ቁልፍ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። እኛ የምንጠቀመው ቬልክሮ ነው፤ ያ እየተንጫረረ የሚላቀቀው ማጣበቂያ። ሻካራው ፊት ወደ ውጭ፣ ለስላሳው ወደ ገላ ይሆናል። አሮጌ ቦርሳና ጫማ ላይ ሞልቷል፣ ፈትቶ መውሰድ ነው። ጥቅሙ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ኮቱ የሆነ ነገር ላይ ቢያዝና ውሻው ቢጎትት ማጣበቂያው ራሱ ይላቀቃል። አይታነቅም። ድምፁ የሚያስደነግጠው ውሻ ካለ አጠገቡ ሆኖ ቀስ እያሉ ደጋግሞ ማላቀቅ ነው፤ ይለምደዋል።

አጥርና ጅብ የተባለው ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። መንገድ ላይ ለሚውል ለሚያድር ውሻ ኮት አናለብስም። ማልበስም የለበትም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ማን ያወልቅለታል? ማን ያጥብለታል? ሐረር ደግሞ ጅብ ማታ ማታ በግንቡ ቀዳዳ ጀጎል የሚገባባት ከተማ ናት። እዚህ አድጎ ውሻን ሌሊት ውጭ የሚያሳድር የለም። ኮት ያለው ውሻ ሁሉ ሲመሽ በር ተዘግቶበት ነው የሚያድረው።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ አደጋ አለ፤ እኔ ላንሳው፣ ከአራቱ ይበልጣልና። እከክ ይተላለፋል። ተባዩ ከውሻው ወርዶ ጨርቅ ላይ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ የሰውንም ቆዳ ያሳክካል። ስለዚህ አንድ ኮት የአንድ ውሻ ነው። የእከክ ኮት ላይ ቀይ ክር እንሰፋበታለን። በየቀኑ ይወልቃል፣ ቆዳው አየር ያገኛል፣ ኮቱ እጅ በማያስነካ ሙቅ ውሃ ይታጠባል። ውሃ ሲጠፋ፣ ሐረር ላይ ደግሞ ውሃ ይጠፋል፣ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ከሳምንት በላይ ይቀመጣል። እስከዚያ ሌላ ኮት ይለበሳል። ለዚህ ነው ለአንድ እከካም ውሻ ሁለትና ሦስት የምንሰፋው።

«ሃይማኖትን ይነካል»

የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። በዚህ ላይ የማውቀውን ያህል ብቻ እናገራለሁ። ከእስልምና የሕግ አስተምህሮዎች (መዝሀቦች) ሐረር ላይ የሚበዛው የሻፊዒ ነው፤ በእሱ ዘንድ ውሻ ነጂስ፣ ማለትም ርኩስ ነው። እርጥበቱ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት። ይህን የሚጠብቅ ሰው መከበር አለበት፤ እኛም እናከብራለን። ሦስቱን ልክ ወረቀት ላይ መጻፋችን ለዚህም ጠቅሞናል። ሰፊው ውሻውን ማየትም መንካትም የለበትም። ሦስት ቁጥር ይደርሰዋል፣ ንጹሕ ጨርቅ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ይሰጠናል። ውሻ የነካው ኮት ወደ ስፌት ቦታ አይመለስም። ማጠቢያው ሳፋ የብቻው ነው። የሚታደሰውንም እዚያው ግቢ ውስጥ በእጅ እንሰፋዋለን።

ነጂስ መሆኑና መራራት ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ከጥማት የተነሳ አፈር ሲልስ ላገኘው ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ታሪክ በቡኻሪም በሙስሊምም ሐዲስ ውስጥ አለ። ሰውዬው ምሕረት አገኘ። የሐረር እናቶች ይህን ታሪክ ለልጆቻቸው ሲነግሩ ሰምቻለሁ። ከመኪና ግርግር ቁራጭ ከሚያጠራቅሙልን አብዛኞቹ ሶላታቸውን የማያጓድሉ ሙስሊሞች ናቸው። ማንም አላስገደዳቸውም።

«ለክትባት ቢውል ይሻላል»

ክትባት ከኮት ይበልጣል። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ስለ ልጆች ካነሳን አይቀር ይህን እናንሳ። የተነከሰ ልጅ ቁስሉ ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማትረፍ አይቻልም ማለት ይቻላል።

ግን ጸሐፊው ኮትና ክትባትን እንደ ሁለት ምርጫ አቀረቡት። የተጣለ እጅጌ ክትባት አይገዛም። የተገነጠለ ጃኬት ጀርባም አይገዛም። ለክትባት የምናዋጣው ብር ሌላ ነው፣ የሚቀድመውም እሱ ነው። እኛ ግቢ የገባ ውሻ ለብቻው ይቆያል፣ ሐኪም ያየዋል፣ ይከተባል፤ ሜትር የሚይዝ ሰው የሚጠጋው ከዚያ በኋላ ነው። ጠባዩ ድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ከሆነ ደግሞ ኮትም ምግብም ይዞ የሚጠጋው የለም። ሐኪም ነው የሚጠራው።

በስራ ላይ ያየሁት ሌላ ነገር አለ። ኮት ሲለብስና ሲያወልቅ የከረመ ውሻ እጅ ይለምዳል። አንገቱን ሲይዙት አይናከስም፣ ሆዱ ስር እጅ ሲገባ አይደነግጥም። በዓመቱ ክትባቱ ሲታደስ አንድ ሰው ይበቃዋል። መጀመሪያ ለመያዝ ሦስት ሰው የፈለገው ውሻ ነው።

በጽሑፋቸው መካከል ጠቆም አድርገው ያለፉት ነገር ግን ያሳስበኛል። «ዋናው መፍትሔ ቁጥራቸውን መቀነስ ነው፣ ሌላ ጊዜም ተደርጓል» ብለዋል። መርዝ ማለታቸው ከሆነ፣ አቦ፣ እሱ እንኳን ሊጠቅም ያባብሳል። በሽታው እንዲቆም ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። የተከተበው ይሞታል፣ ቦታው ይለቀቃል፣ ምግብ ፍለጋ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ይመጣል። የሰራነው ስራ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። መርዙን ደግሞ ልጅም ያነሳዋል፣ ፍየልም ይበላዋል።

የሚያዋጣው ከቤት ወደ ቤት፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር መከተብ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ከሐረርም ከድሬም ቅርብ ነው። ጸሐፊው አንባቢ አላቸው፣ ድሬ ላይ ይሰማሉ። ስለ ክትባት አንድ እንዲህ ያለ ረዥም ጽሑፍ ቢጽፉና ሰፈራቸው ቀን ቢቆርጥ፣ ውሻ መያዝ የለመድን ሰዎች ደንገጎን ወርደን እናግዛለን። ገመድና የአፍ ማሰሪያ ከእኛ ነው።